እንግዳው ተመራማሪና የሚመለስበት ቤት
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በአፍሪካ ዩኒቨርስቲዎች የማስተማር ሥራቸውን ገና የጀመሩ ወጣት መምህራን ለጥቂት ወራት ወደ ሌላ ዩኒቨርስቲ ተጉዘው በእንግድነት ምርምር የሚያካሂዱበት ዕድል፣ በተለምዶ ፌሎሺፕ የሚባለው፣ ብዙ ጊዜ የሚወራለት ከመሄጃው በኩል ነው። ወጪውን ማን ቻለ፣ የትኛው ከተማ ተቀበለው፣ ስንት ወር ተፈቀደለት ይባላል። መምህሩ ሲመለስ በጠረጴዛው ላይ ምን እንደሚጠብቀው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ንግግር የሚያተኩረው በዚሁ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል።

አንድ ወጣት መምህር የዶክትሬት ዲግሪውን ካገኘ ሦስት ዓመት ሆኖታል እንበል። የመመረቂያ ጽሑፉ ተስተካክሎ ቢታተም መጽሐፍ የሚወጣው ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። በሴሚስተር ሦስት ኮርስ ያስተምራል፤ የብዙ መቶ ተማሪዎችን የፈተና ወረቀት ያርማል፤ የየኮሚቴው ጸሐፊ የሚሆነው ምንጊዜም በዕድሜ ታናሹ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ የሚይዘውም እሱ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ለሦስት ወይም ለስድስት ወር እንግዳ ተመራማሪ ሁን ሲባል የሚሰጠው ነገር ከሁሉ በፊት ጊዜ ነው። የቤተ መጻሕፍት መታወቂያው፣ የሥራ ክፍሉና አበሉ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ከጊዜው ቀጥሎ ደግሞ ጽሑፉን አንብቦ የሚረዳው ሰው አለ። በሰኔ 1962 በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚጽፉ አፍሪካውያን ደራስያን በካምፓላ በማኬሬሬ ተሰብስበው ነበር። ቺኑዋ አቼቤ፣ ወሌ ሾዪንካና ክሪስቶፈር ኦኪግቦ ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ይገኙ ነበር። ኋላ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በሚለው ስም ዓለም ያወቀው ኬንያዊ ያን ጊዜ የዚያው ኮሌጅ ተማሪ ነበር። ረቂቁን ለአቼቤ አሳየ፤ አቼቤም ወደ ሃይነማን አሳታሚ ድርጅት አስተላለፉለት፤ በ1964 የመጀመሪያው ልብ ወለዱ ታትሞ ወጣ። ስብሰባው የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። በእርግጥ እንዲህ ያለ ዕድል ለሁሉ አይገጥምም፤ ቢሆንም ከረቂቁ ጋር የሚቀመጥ ጀማሪ ጽሑፉን የሚያነብለት ታላቅ በአጠገቡ ሲያገኝ የወራት ቆይታ ቀርቶ የቀናት ቆይታ እንኳ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል።

የማኬሬሬ ነገር ከተነሣ ዘንድ ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ምክንያቱም የመዘዋወር ዕድል እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደታጣ ከዚያ በተሻለ የሚያስረዳ ቦታ የለም። ማኬሬሬ በ1922 የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፈተ፤ በ1949 ከለንደን ዩኒቨርስቲ ጋር የተቆራኘ የዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሆነ፤ በ1963 ከናይሮቢና ከዳሬሰላም ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርስቲ ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ መዘዋወር በተቋሙ አሠራር ውስጥ የገባ ነገር እንጂ የችሮታ ጉዳይ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕግ መማር የፈለገ ኬንያዊ ወደ ዳሬሰላም፣ መሐንዲስ መሆን የፈለገ ኡጋንዳዊ ወደ ናይሮቢ፣ ሐኪም መሆን የፈለገ የታንጋኒካ ልጅ ወደ ካምፓላ ይሄድ ነበር። በ1970 ጥምረቱ ፈርሶ በምትኩ ሦስት ብሔራዊ ዩኒቨርስቲዎች ቆሙ። እያንዳንዱ አገር የራሱን ዩኒቨርስቲ መፈለጉ የሚነቀፍ አይደለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ጎረቤት ወደ ሌላው ለመሄድ የሚሻ መምህር የሰው በጎ ፈቃድና የለጋሽ ገንዘብ ጠባቂ ሆኖ ቀረ። በ1980 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርስቲዎች ምክር ቤት የተበጠሰውን ክር ለመቀጠል ብዙ ደክሟል፤ ነገር ግን በአንድ መዝገብ ውስጥ የነበረን ነገር በስምምነት ሰነድ መተካት ቀላል አይደለም።

ከመዘዋወሩ በኋላ ጊዜውም ሄደ። ማሕሙድ ማምዳኒ ከ1989 እስከ 2005 ያለውን የማኬሬሬ ታሪክ በመረመሩበት በ2007 በታተመው መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ ከፍለው የሚማሩ ተማሪዎች በብዛት ሲገቡ የመምህሩ ገቢ ከሚያስተምረው ሰዓት ጋር ተሳሰረ። የማታው ክፍል ኑሮን ሲደጉም ምርምሩን በላው። ይህንን ሲሰማ በካምፓላ መምህራን ላይ የሚፈርድ ሰው ካለ የራሱን የሳምንት ፕሮግራም አውጥቶ ይመልከት። በኢትዮጵያም ቢሆን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዩኒቨርስቲዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። የማስተማሩ ሸክም ያረፈው በአብዛኛው በጀማሪዎቹ ትከሻ ላይ ነው።

እንግዲህ ወጣቱ መምህር ወዴት ይሂድ? ወደ አውሮፓ መሄዱ አላስፈላጊ ነው የሚለው አነጋገር ለጆሮ ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። ምንጩ ያለው እዚያ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? በ2011 የእንግሊዝ መንግሥት 37 ከሚሆኑ የቀድሞ ቅኝ ግዛቶች ያወጣቸውንና ለብዙ ዓመታት ሸሽጎ ያቆያቸውን 8,800 ያህል የመዝገብ ፋይሎች መኖር አመነ። እንዲያምን ያስገደደው በማውማው ዘመን የተገረፉ ኬንያውያን አዛውንቶች በለንደን ፍርድ ቤት የመሠረቱት ክስ ነው። ፋይሎቹ ከ2012 ጀምሮ በኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተራ በተራ ለተመራማሪ ተከፈቱ። ስለዚህ የኒዬሪን ወይም የኪያምቡን ታሪክ የሚጽፍ የናይሮቢ መምህር የአያቱን ጉዳይ ለማንበብ ለንደን ድረስ መሄድ ግዴታው ነው። የግዕዝ ጽሑፍ ተመራማሪም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ ለብሪታንያ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ አንቷን ዳባዲ የሰበሰቧቸው ከ200 በላይ የሆኑት በፓሪስ ናቸው። በአገር ውስጥ ካሉት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል ያሳለፉት እነዚህን በመመርመርና ዝርዝራቸውን በማውጣት ነው።

ነገር ግን ምንጩ ሰሜን ያልሆነበት ጥያቄ ይበዛል። የቡና ገበሬዎችን ማኅበራት የሚያጠና የጅማ መምህር ሊነጋገር የሚገባው ከማኬሬሬና ከሞሺ ሰዎች ጋር ነው። የከተማ መሬት ይዞታን የሚያጠና የኩማሲ መምህር ከናይሮቢ ብዙ ይማራል። እንዲህ ያለው ጎረቤትን የማየት ልማድ በአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በ1958 ኢትዮጵያ ለአፍሪካ አገሮች ልጆች 200 የትምህርት ዕድል እንደምትሰጥ አስታወቀች፤ ወጣቶቹም ከኬንያ፣ ከኡጋንዳ፣ ከታንጋኒካ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች መጡ። ኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከነዚህ ዘመን ተማሪዎች አንዱ ነበሩ። የኢትዮጵያን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ የጻፉ ሁሉ እንደሚመሰክሩት ለውጥ የታየው በእንግዶቹ ላይ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ነፃነት ትግልና ስለ ተማሪዎች ማኅበር አደረጃጀት ይዘውት የመጡት ክርክር አስተናጋጆቹን ቀሰቀሰ። በርግጥ እነዚያ ተማሪዎች እንጂ ተመራማሪዎች አልነበሩም። ይሁንና እንግዳ ለተቀባዩ ቤት ምን እንደሚያመጣ በዚያ ታይቷል።

ዳሬሰላምም እንዲሁ ነው። ዋልተር ሮድኒ የጉያና ተወላጅ ሲሆኑ በ1966 በ24 ዓመታቸው ከለንደን ዩኒቨርስቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀብለው ወደዚያ መጡ። አውሮፓ አፍሪካን እንዴት እንዳቆረቆዘች የሚያስረዳው መጽሐፋቸው በ1972 በለንደንና በዳሬሰላም ሲታተም ገና የ30 ዓመት ሰው ነበሩ። ያ መጽሐፍ በሚከራከሩ ባልደረቦችና በሚጠይቁ ተማሪዎች መካከል የተጻፈ ነው፤ ጥራትም ስህተትም ቢገኝበት የዚያ ክርክር ፍሬ ነው።

ዛሬ በአህጉሩ ውስጥ ለጀማሪዎች የተከፈቱ በሮች ጥቂት ቢሆኑም አሉ። በ1973 በዳካር የተመሠረተው ኮዴስሪያ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በፖርቱጋልኛና በዓረብኛ ስለሚሠራ በቋንቋ የተከፋፈሉትን ያገናኛል። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው ኦስሪያ ከ1980 ጀምሮ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካን የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች ሲረዳ ቆይቷል። በ2008 የተቋቋመውና በአማርኛ ጆሮ የቤት ባለቤትነት ማረጋገጫ የሚመስል ስም ያለው ካርታ፣ የዩኒቨርስቲ መምህር ሆነው ዶክትሬታቸውን የሚሠሩትን በአራት ተከታታይ ጉባኤዎች በተለያዩ አፍሪካውያን ዩኒቨርስቲዎች ይሰበስባል። ከሁሉም ልዩ ትኩረት የሚገባው ግን በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ የከፍተኛ ጥናት ተቋም በ2016 የተጀመረው ዕድል ነው። ስሙ በኮሳ ቋንቋ «ኢሶ ሎምሶ»፣ ማለትም የነገ ዓይን ይባላል። የሚዘልቀው ለሦስት ዓመት ሲሆን ተመራማሪው ቆይታውን ከፋፍሎ መውሰድ ይችላል። ይህ ትንሽ ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ሕፃን ልጅ ላላት መምህርት ስድስት ወር በአንድ ጊዜ ውሰጂ ማለት ብዙውን ጊዜ አትምጪ ማለት ነው። ሁለት ወር፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ወር ሲባል ግን ቤተሰቧን አማክራ ልትሄድ ትችላለች።

የወረቀቱም ጉዳይ መልክ እየያዘ ነው። የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ስምምነት በ1981 በአሩሻ ተፈረመ፤ የተሻሻለው ስምምነት በ2014 በአዲስ አበባ ጸድቆ በ2019 በሥራ ላይ ውሏል።

አሁን ወደ መመለሻው እንምጣ። ከስድስት ወር በኋላ የተመለሰ መምህር በአብዛኛው የሚጠብቀው የተቆለለ ዕዳ ነው። የቀሩት ኮርሶች ተደርበው ይሰጡታል፤ በሽርሽር ላይ እንደከረመ ሰው ይታያል፤ ግማሽ ድረስ የተጻፈው ረቂቅ ወደዚያው መሳቢያ ይመለሳል። የባልደረቦቹ ቅሬታም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሱን ክፍል ተሸፍኖ ያስተማረው ሰው ምስጋናም ክፍያም አላገኘም። ይህ የጠባይ ችግር ሳይሆን የሒሳብ ችግር ነው። አሥራ ሁለት መምህራን ያሉት የትምህርት ክፍል በየሴሚስተሩ አንድ ሰው ቢለቅ፣ ሁሉም በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል። የሚሄደው ሰው ሦስት ኮርስ ለቀሩት አሥራ አንዱ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ በአራት ሴሚስተር አንድ ጊዜ ገደማ አንድ ተጨማሪ ኮርስ ይደርሰዋል። ይህ የማይቻል ሸክም አይደለም። የማይቻል የሚያደርገው ተራው አስቀድሞ አለመታወቁ፣ የሸፈነውም ሰው ሥራ በትርፍ ሰዓት ክፍያ ወይም በማዕረግ ዕድገት አለመቆጠሩ ነው። ተራው ተጽፎ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ፣ ለተመላሹም የመጀመሪያው ሴሚስተር ቀለል ተደርጎ ረቂቁን እንዲጨርስ ቢፈቀድለት ብዙ ምሬት ይቀር ነበር።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት አብዛኞቹ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፈዋል። እንግዳ ተመራማሪን የሚመርጥ ኮሚቴ አመልካቹ ትጉህ፣ ጨዋና ታዛዥ መሆኑን ከሚገልጽ ደብዳቤ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለዕቁብ ዋስትና ይሆን ይሆናል። ኮሚቴው ማወቅ የሚፈልገው ረቂቁ ስንት ምዕራፍ እንዳለው፣ የትኛው ምዕራፍ እንደጎደለ፣ የጎደለው በየትኛው ቤተ መዛግብት ወይም በየትኛው ሰው እጅ እንደሚገኝ፣ አመልካቹም ሲመለስ ክፍሉ ምን ሊያደርግለት እንደወሰነ ነው። የመጨረሻውን ነገር ሊጽፍ የሚችለው ደግሞ የትምህርት ክፍል ኃላፊው ብቻ ነው።

አንድ ቀሪ ጉዳይ አለ። በኪው ወይም በፓሪስ የሚሠራ ተመራማሪ ዛሬ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገጾችን በካሜራ አንሥቶ ይመለሳል። ፎቶግራፎቹ የሚቀመጡት በግል ኮምፒዩተሩ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲበላሽ ወይም መምህሩ ሥራ ሲለቅ አብረው ይጠፋሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ወጣት ያንኑ ፋይል ለማየት እንደገና ቪዛ ይጠይቃል። የቤተ መዛግብቱ ደንብ የሚፈቅድ እስከሆነ ድረስ፣ ተመላሹ የምስሎቹን አንድ ቅጂ ከፋይሎቹ ቁጥር ዝርዝር ጋር በዩኒቨርስቲው ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀምጥ የጉዞ ፈቃዱ በሚሰጥበት ደብዳቤ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹም የሚረከቡበትን መዝገብ ከወዲሁ ቢከፍቱ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመለሱትን ይዞ መጀመር ይቻላል።