ድመትና ውሻ ላለበት ቤት የሌባ ደወል



በዕብራይስጥ «አዛካ» የሚባለው የሮኬቱ ማስጠንቀቂያም፣ የቤት የሌባ ደወልም ነው። የዛሬው ነገራችን ስለ ቤቱ ነው።

መሣሪያው የሚንቀሳቀስ ገላ ሙቀትን ይከታተላል፤ ተራው ዓይነት ሌባንና ድመትን አይለይም። እናንተ ሥራ ውላችሁ ድመቷ ደጋግማ ካስጮኸችው ጎረቤት ይሰለቻል፤ የኋላ ኋላ እውነተኛ ሌባ ሲገባም ዞር ብሎ የሚያይ አይኖርም።

ስለዚህ ገጣሚውን «ቤታችን እንስሳ አለ» በሉት። ለእንስሳ የሚሆነውን ይግጠምላችሁ፤ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚችል ጠይቁ። ድመቷ የምትወጣበት ሶፋ ወይም ቁም ሣጥን ፊት ለፊቱ አይሁን። በርና መስኮት ላይ የሚደረገው ግን የሚጮኸው ሲከፈት ስለሆነ እንስሳ አያስጮኸውም።

ሌባ ከገባ ፖሊስ በ100 ይጠራል። ደህና ሁኑ።