ስለ ቋሚ ስፒከሮችና ስለ ባለቤቶቻቸው

(በተማሪዎች ማኅበር የሐሙስ ማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ወር ማኅበራችን ለመዝናኛው ክፍል አንድ ጥንድ ስፒከር ለመግዛት ባሰበ ጊዜ የተነሣውን ክርክር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንዳንዶቻችን «ትልቁ ይገዛ» አልን፤ አንዳንዶቻችን «ብዙ ዋት ያለው ይገዛ» አልን፤ የቀሩትም «በዚህ ገንዘብ መጻሕፍት ቢገዙበት አይሻልም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ክርክሩ እየከረረ በሄደ ጊዜ ሊቀ መንበራችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉና፥ ዋጋቸው መካከለኛ የሆነ፥ ወለል ላይ የሚቆሙ ስፒከሮች ያሏቸውን ሰዎች እየዞርሁ ጠይቄ የሰማሁትን እንዳቀርብ አዘዙኝ። እኔን ለምን እንደ መረጡ አልነገሩኝም። ነገር ግን በዚህ ጉዳይ በንግግሬ መካከል የምናዘዘው አንድ በደል ስላለኝ፥ ሥራው ለእኔ የተገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ ስለ ዕቃው ምንነት ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ዛሬ በየቤቱ የምናየው ስፒከር መሠረቱ የተጣለው በ1925 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቸስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች አሠራሩን በጽሑፍ አቀረቡ። ነገሩም ይህ ነው፤ የቀጭን ሽቦ ጥቅል በማግኔት መካከል ይቀመጣል፤ ከአምፕሊፋየሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ጥቅሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ከጥቅሉ ጋር የተያያዘውም የወረቀት ወይም የፕላስቲክ ሾጣጣ አየሩን ይገፋል። እኛም ያንን የተገፋ አየር ሙዚቃ እንለዋለን።

ታዲያ ሳጥኑ ለምን አስፈለገ? ሾጣጣው ከፊቱ ያለውን አየር ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። ሳጥን ከሌለ የፊቱና የኋላው ይገናኙና እርስ በርሳቸው ይጠፋፋሉ፤ ይልቁንም ወፍራሙ ድምፅ ፈጽሞ ይከሳል። ሳጥኑ እንግዲህ ሁለቱን የሚለይ ግድግዳ ነው። በ1932 ዓ.ም. የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ በሳጥኑ ላይ ቀዳዳ በልክ አበጅቶ፥ በከንቱ ይቀር የነበረውን የኋላውን ድምፅ ለወፍራሙ ድምፅ አጋዥ የሚያደርግበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። በስፒከር ፊት ወይም ጀርባ የምናያት ክብ ቀዳዳ የእርሱ ውርስ ናት። በኋላም አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል በ1961፥ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሳጥኑንና የቀዳዳውን ልክ በሒሳብ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ሳጥን መሥራት የጥቂት ሊቃውንት ምሥጢር መሆኑ ቀረ። ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ ደኅና ስፒከር ማግኘት የተቻለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እስከ ወገብ የሚደርሰው ቋሚ ስፒከር እንግዲህ ብዙ አየር የሚይዝ ሳጥን ነው። ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣውንም ትንሽ ስፒከር፥ ባለሙያዎች ትዊተር የሚሏትን፥ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ትክክል ከፍ አድርጎ ያቆምልናል። ጥቅሙ ይህ ነው። ነገር ግን ቁመት ብቻውን የጥራት ምስክር አይደለም። በ1954 ዓ.ም. ኤድጋር ቪልቸር የተባለው አሜሪካዊ ድፍን በሆነ ትንሽ ሳጥን ጥልቅ ድምፅ ማውጣት እንደሚቻል በሥራ አሳይቷል።

አሁን ወደ ባለቤቶቹ ልመለስ።

መጀመሪያ የጠየቅኋቸው ጡረታ የወጡ አንድ አስተማሪ ናቸው። ስፒከሮቹን ልጃቸው ከውጭ አገር አምጥታላቸዋለች። «በመጀመሪያው ሳምንት ልሸጣቸው ነበር» አሉኝ። ከበሮው ሲመታ ቤቱ ሁሉ ይጎረምሳል፤ የዘፋኙ ቃል ግን አይለይም፤ ባለቤታቸውም «ይህ ዘፈን ነው ወይስ ወፍጮ?» ይሏቸው ነበር። ጥፋቱ የስፒከሩ አልነበረም። መተላለፊያ እንዳይዘጉ ብለው ሁለቱንም ወደ ማዕዘን አስጠግተው ከግድግዳው ጋር አጣብቀዋቸው ነበር። ግድግዳና ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያጎላሉ። ከዚያም በላይ ክፍል ራሱ የሚወደው ድምፅ አለው። ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ክፍል 43 ኸርዝ ገደማ የሆነውን ድምፅ ከልክ በላይ ያስተጋባል፤ ይህም ከቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ድምፅ፥ ከ41 ኸርዝ፥ ብዙም የራቀ አይደለም። አስተማሪው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ስፒከሮቹን አንድ ክንድ ያህል ከግድግዳው አራቋቸው፤ ወለሉ ላይ ምንጣፍ፥ በመስኮቱም ወፍራም መጋረጃ ጨመሩ። «በአንድ ቀን ሌላ ስፒከር የገዛሁ መሰለኝ፤ ያወጣሁት ግን አምስት ሳንቲም የለም» አሉኝ። ምንጣፉና መጋረጃው ከቤት የተገኙ ነበሩ።

ሁለተኛው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነው። እርሱ የገዛው በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የዋት ቁጥር አይቶ ነው። ቁጥሩ ትልቅ ነበር፤ ድምፁ ግን ከጎረቤቱ አሮጌ ስፒከር ያንስ ነበር። «ተታለልሁ» ብሎ ነገረኝ። ለእርሱ የነገርሁትን ለእናንተም እነግራለሁ። ስፒከር ላይ የሚጻፈው ዋት ስፒከሩ ምን ያህል ኃይል ሊሸከም እንደሚችል እንጂ ምን ያህል እንደሚጮኽ አይነግርም። መጠየቅ የሚገባው በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ይሰጣል የሚለው ነው። አንዱ 85፥ ሌላው 91 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ፥ የመጀመሪያው ሁለተኛውን እንዲስተካከል አራት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። ደግሞም የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ ብናደርገው የምናተርፈው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጮኸ ለማሰኘት ግን 10 ዴሲቤል ገደማ፥ ማለት አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። እንግዲህ 50 ዋት ያለውን ትቶ 100 ዋት ላለው ብዙ ገንዘብ መጨመር ጆሮ እምብዛም የማያውቀውን ነገር መግዛት ነው።

ሦስተኛዋ በሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። የገዛችው ያገለገለ ስፒከር ነው። ሳጥኑ ያማረ፥ እንጨቱ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ በሁለተኛው ወር ግን ወፍራሙ ድምፅ መንተፋተፍ ጀመረ። ጨርቁን ገልጣ ብታይ በሾጣጣው ዙሪያ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲነካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። ስፖንጅ ቢጫወቱበትም ባይጫወቱበትም በአየርና በእርጥበት ምክንያት ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ዙሪያው ከጎማ የተሠራው ግን ብዙ ይቆያል። ደግነቱ ስፖንጅ ይቀየራል። መርካቶ የሚሠራ አንድ ባለሙያ ለሁለቱም አዲስ አልብሶላት እስከ ዛሬ ትሰማባቸዋለች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለችኝ፤ «ጨርቁን አንሥቼ ሳላይ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ።»

ስለ ኤሌክትሪኩም አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ጓደኛችን ዘመዱ ከዋሽንግተን የላከለትን አምፕሊፋየር በደስታ ከካርቶን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ሰካው፤ ወዲያውም ጭስ ወጣ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፥ የእኛ 220 ቮልት ነው። ተራው ስፒከር ከግድግዳ የሚሰካ ገመድ ስለሌለው ከየትኛውም አገር ቢመጣ ግድ የለውም። አምፕሊፋየርና በውስጡ አምፕሊፋየር ያለው ስፒከር ግን በጀርባቸው የተጻፈው ቮልት ሳይነበብ መሰካት የለባቸውም፤ 120 ከሆነ ትራንስፎርመር ይፈልጋሉ።

የቀረው አራተኛው ባለቤት ነው። እርሱ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ በደሌንም የምናዘዘው እዚህ ላይ ነው።

ወንድሜ የመጀመሪያ ሥራውን በያዘ ጊዜ ከደመወዙ እያጠራቀመ አንድ ጥንድ ቋሚ ስፒከር ገዛ። ውድ አልነበሩም፤ ለእርሱ ግን ትልቅ ነገር ነበሩ። ማታ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን አውልቆ በመካከላቸው ይቀመጥና የሙላቱ አስታጥቄን በ1972 የወጣ ሥራ ያደምጥ ነበር። «የቫይብራፎኑ ድምፅ ተመትቶ እስኪጠፋ ድረስ ተከተለው» ይለኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ እርሱ ወደ ክፍለ አገር በሄደ ጊዜ ጓደኞቼን ጠራሁ። አምፕሊፋየሩ ትንሽ ነበር፤ እኔ ግን ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞርሁት። ድምፁ እየሻከረ ሲሄድ «ጮኸ» ብዬ ተደሰትሁ። በእውነቱ ግን አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ተገዶ የድምፁን ሞገድ አናት አናቱን ይቆርጥ ነበር። እንዲህ የተቆረጠ ሞገድ ወደ ትዊተሯ የሚሄደውን ኃይል ያበዛዋል፤ የትዊተሯ ሽቦ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው። ብዙ ሰው ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አይጎዳም ይላል፤ ከልክ በላይ የተገደደ ትንሽ አምፕሊፋየር ግን ይጎዳል። በዚያች ማታ ሁለቱም ትዊተሮች ተቃጠሉ።

እኔም ዝም አልሁ።

ወንድሜ ተመልሶ ሸክላውን አስቀመጠ። ጥቂት አዳመጠና ተነሥቶ ቁልፎቹን ነካካ። ድምፁ አለ፤ ብርሃኑ ግን የለም። «ዛሬ ደክሞኛል መሰለኝ» አለ። በሌላውም ቀን እንዲሁ ሆነ። ሁለቱም በአንድነት ስለ ጠፉ ከስፒከሩ ነው ብሎ አልጠረጠረም፤ የጠረጠረው ጆሮውን ነው። አባታችን በመጨረሻ ዘመናቸው ጆሯቸው ከብዶ ነበርና ያ ነገር ወደ እርሱም የመጣ መሰለው። ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ምንም የለብህም ተባለ፤ አላመነም። በመጨረሻም ስፒከሮቹን በነጠላ ሸፍኖ ማድመጡን ተወ። እኔ ይህን ሁሉ አራት ወር ሙሉ በዓይኔ እያየሁ ምሳና እራቴን ከእርሱ ጋር እበላ ነበር።

በአምስተኛው ወር «ጋሼ፥ ጆሮህ ደኅና ነው፤ ያቃጠልኋቸው እኔ ነኝ» አልሁት። ይቆጣል ብዬ ነበር። እርሱ ግን ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «ስፒከሩንስ እናሠራው ነበር። አንተ ግን አራት ወር ጆሮዬን ስጠራጠር ዝም ብለህ አየኸኝ» አለ። ባለሙያው በቴስተር ለክቶ በሁለቱም ትዊተሮች ኤሌክትሪክ እንደማያልፍ ባንድ ደቂቃ ውስጥ አወቀ። አዲሶቹ ትዊተሮች የወሰዱት ዋጋ እኔ ሳስበው እንቅልፍ ካሳጣኝ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ነገር ግን እስኪጠራ ድረስ ሌላ ሰው በጨለማ መቀመጡን አንርሳ።

ጓደኞቼ፤ ይህን የተናገርሁት ለራሴ ንስሐ ብቻ አይደለም። የአንድ ሰው ዕቃ እንዲህ ከሆነ፥ የሁላችንም የሆነው ዕቃማ እንዴት ይሆናል? የማኅበር ዕቃ ሲበላሽ ሁሉም ያያል፤ ማንም አይናገርም። ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ በዓይናችን አንግዛ። በ1994 ዓ.ም. ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን አንድ ጊዜ ስፒከሮቹን እያሳዩ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ከመጋረጃ በስተኋላ ሰውረው ፍርድ አስሰጧቸው። ሳይታይ ጥሩ ማርክ ያገኘው ትንሹና ርካሹ ሲታይ ማርኩ ወረደ። እኛም በመዝናኛው ክፍል መጋረጃ ዘርግተን፥ የድምፃቸውን ከፍታ አስተካክለን፥ በጆሯችን እንምረጥ።

ሁለተኛ፤ በመካከለኛ ዋጋ ያለውን እንግዛ፤ የተረፈው ገንዘብ ለመጻሕፍት ይሁን። መጻሕፍትን ያነሡት ጓደኞቻችን ልክ ናቸው፤ ስፒከሩም ስለ ተገዛ መደርደሪያው ባዶ መሆን የለበትም። ያገለገለ ከሆነም ጨርቁ ተነሥቶ ስፖንጁ ይታይ፤ ሾጣጣው በሁለት እጅ ቀስ ተብሎ ተገፍቶ የሚፋቅ ድምፅ እንደሌለው ይሞከር፤ ጆሮም ወደ እያንዳንዷ ትዊተር ተጠግቶ በሕይወት መኖሯ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ፤ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ አንድ ደብተር በገመድ ይታሰር። ያበላሸ ሰው ቀኑንና የሆነውን ይጻፍበት፤ ስሙን የጻፈ ሰውም ቅጣት አይኑርበት። ለተቃጠለ ሽቦ መድኃኒት አለው፤ ለዝምታ ግን ባለሙያ አላገኘሁም።

ወንድሜ ስፒከሮቹን ለመጋረጃው ፈተና አውሶናል። ትናንት ማታ በታክሲ ሳመጣቸው የኃላፊነቱን ወረቀት በስሜ ፈርሜአለሁ። እባካችሁ ድምፁ ሲሻክር ቁልፉን መልሱ።