ሕፃኑን ከመመርመር በፊት እናቱን መጠየቅ

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተፈቀደልኝ ጕዳይ በሌላው ዓለም ብዙ ያከራከረ፤ በእኛ ዘንድ ግን እምብዛም ያልተነሣ ነው። ይኸውም በማሕፀን ሳለ ዕፅ የደረሰበትን ሕፃን እንደ ተወለደ በላቦራቶሪ መርምሮ የማወቅ ጕዳይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውቃለሁ።

በአሜሪካ ይህ ክርክር ሲነሣ የሚታሰበው ኮኬይንና ሄሮይን ነው። በደቡብ ወሎ፤ በአርዲቦ ሐይቅ አካባቢ ግን መነሣት ያለበት ጫት ነው። ጫት በወሎ የገበያ ዕቃ ብቻ አይደለም። በወዳጃ ላይ ይቀርባል፤ የዱበርቲ እናቶችም ለነፍሰ ጡር ዱዓ ሲያደርጉ ከቡናው ጋር ጫት አይለይም። በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው የአገራችን ሴቶች መካከል ከመቶ 12ቱ ያህል ጫት ቅመው ያውቃሉ። እንግዲህ ነፍሰ ጡር ስትቅም የተገኘችን ሴት እንደ ወንጀለኛ መቍጠር አገሩን አለማወቅ ነው።

ይህን ስል ጫት ለጽንሱ አይጎዳም ማለቴ አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን የእናቲቱን የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል፤ የደም ሥሮችንም ያጠባል። በ1987 በየመን ወራቸውን ጨርሰው የተወለዱ ሕፃናት ተመዝነው፤ የቃሚ እናቶች ልጆች ካልቃሙት ልጆች ይልቅ ክብደታቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከጫት የሚመጣ ንጥረ ነገር በቃሚ እናቶች ጡት ወተትና በሚጠባ ሕፃን ሽንት ውስጥ መገኘቱን አስታወቀ። ከአርዲቦ የተነሣው የአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ እንደሚያመራ፤ ከእናት የተነሣውም ወደ ልጅ ይደርሳል።

ታዲያ ሕፃኑን ሁሉ ለምን አንመረምርም? የሚል ይኖራል። ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ እንይ። የሕፃኑ ሽንት የሚናገረው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ቀናት ነገር ብቻ ነው። ሕፃኑ መጀመሪያ የሚያወጣው ጥቁር አረንጓዴ ዓይነ ምድርና እትብቱ ግን የመጨረሻዎቹን የእርግዝና ወራት ሊያመለክቱ ይችላሉ። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ ሊሳሳት ስለሚችል፤ ውጤቱ በተራቀቀና ውድ በሆነ መሣሪያ እንደገና መረጋገጥ አለበት። በጫት ረገድ ሌላም ችግር አለ። ካቲኖን በሰውነት ውስጥ ቶሎ ይለወጣል፤ ከሚለወጥባቸው ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ ደግሞ በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ምክንያትም ሊገኙ ይችላሉ። ለጉንፋኗ መድኃኒት የወሰደች እናት ቃሚ ተብላ ብትከሰስ ማን ይፈርድላታል?

ሕፃኑ ሲንቀጠቀጥና ያለማቋረጥ ሲያለቅስ፤ ሐኪሙም ምክንያቱን ለማወቅ ሲቸገር፤ ምርመራው ለሕክምና ሊጠቅም ይችላል። በተለይ ከሄሮይን ጋር የተያያዘ ሕመም ከሆነ የሚሰጠው መድኃኒት አለ። ለጫት ግን ውጤቱ ቢታወቅም የተለየ ማርከሻ የለውም። የሚያስፈልገው ክብደቱን መከታተል፤ ሙቀቱን መጠበቅ፤ እናቲቱንም መመገብና መምከር ነው። ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ የተወለደ ሕፃን ምክንያቱ ጫትም ይሁን ረኃብ፤ ይህ እንክብካቤ ይገባዋል። ለዚህም አንድ ደህና ሚዛን ይበቃል።

ምርመራ ከሕክምና ወጥቶ ወደ ፖሊስ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ከሌሎች እንማር። በአሜሪካ በቻርልስተን ከተማ አንድ የመንግሥት ሐኪም ቤት ከ1989 ጀምሮ የነፍሰ ጡሮችን ሽንት ለኮኬይን እየመረመረ ውጤቱን ለፖሊስ ያስተላልፍ ነበር፤ የታሰሩም ሴቶች ነበሩ። በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ ሴቶቹ ፈቃድ ለፖሊስ ሥራ እንዲህ መመርመር ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ ነው ሲል ወሰነ።

ይህ ለእኛ ምን ያስተምረናል? በ2016 ከአገራችን ወሊዶች በጤና ተቋም የተፈጸሙት ከመቶ 26 ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ አሉ። ይህ እድገት በብዙ ድካም የመጣ ነው። በጤና ጣቢያው ልጇ እንደሚመረመርና ስሟ እንደሚጻፍ የሰማች የአርዲቦ ገበሬ ሚስት ምጥ ሲይዛት እቤቷ ትቀራለች። ደም ቢፈሳት የሚያድናት አይኖርም። ሕፃኑን እናድናለን ብለን እናትና ልጅን አብረን እናጣለን።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሁሉ ገና ከጅምሩና በየክትትሉ ስለ መጠጥና ስለ ሌላ ዕፅ እንድትጠየቅ መክሯል። ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ከ2003 ጀምሮ የተቋቋመው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ሠራተኞቹን እስከ ገበሬው ደጃፍ ያደርሳል። «እህቴ፤ ጫት ትቅሚያለሽ ወይ? ስንት ጊዜ?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ፤ የሰሙትንም ምስጢር መጠበቅ ይቻላል። የዱበርቲ እናቶችም ዱዓውን ሳያስቀሩ የነፍሰ ጡሯን ጫት ብቻ እንዲያስቀሩ ቢለመኑ፤ ቃላቸው ከሐኪም ቃል ይልቅ ይሰማል ብዬ አምናለሁ። ምርመራ የግድ ሲያስፈልግም በእናቲቱ ፈቃድ፤ ለሕክምና ብቻ ይሁን።

ከመካከላችን ነገ ሐኪሞች፤ ነርሶች፤ ዳኞችና ሕግ አርቃቂዎች የሚሆኑ አሉ። የዚህ ዓይነት ደንብ ረቂቅ ከጠረጴዛችሁ ላይ በቀረበ ጊዜ፤ እናቲቱ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ እንድትገባ ያደርጋታል ወይስ እንድትሸሽ? ብላችሁ አስቀድማችሁ እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ።