በጆንያው ውስጥ ምን አለ?

ዛሬ የምንነጋገረው እንቁላል ስለሚጥሉ ዶሮዎች መኖ ነው። ወረቀቱን የያዛችሁ፣ ጣታችሁን እያስኬዳችሁ አብራችሁኝ አንብቡ።

የፋብሪካ መኖ ተፈጭቶና ተደባልቆ በጆንያ ይመጣል። ሲያዩት ዱቄት ነው። ነገር ግን ብዙ ነገር አለበት። ግማሽ ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በቆሎ ነው። በቆሎ ኃይል ይሰጣል። ቢጫ በቆሎ ከሆነ አስኳሉንም ቢጫ ያደርገዋል። ከዚያ ፋጉሎ አለ። ፋጉሎ ማለት ኑግ ወይም አኩሪ አተር ዘይቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ነው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን በብዛት ያለው እሱ ውስጥ ነው። የስንዴ ፉርሽካም ይገባል። ጨው ግን በኩንታል ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው። ቫይታሚንም ትንሽ ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በጆንያው ውስጥ ድንጋይ አለ! አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። በአንድ ኩንታል የጣይ ዶሮ መኖ ውስጥ ከ8 እስከ 9 ኪሎ ያህል ይገባል። ለምን ቢሉ፣ የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራው ከዚሁ ነው። በውስጡ ያለው ነገር ካልሲየም ይባላል። ካል-ሲ-የም። ዶሮዋ ይህን ከመኖዋ ካጣች ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ቅርፊት ትሠራለች። አጥንቷም ይሳሳል፤ ኋላ መቆም ያቅታታል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው። 10 ጣይ ዶሮዎች ነበሩኝ። መኖ አለቀብኝና አንድ ጆንያ ገዝቼ ገባሁ። በሁለተኛው ሳምንት የእንቁላሉ ቅርፊት ሳሳ። አንዳንዱ እንደ ፊኛ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። የሚሸጥ እንቁላል ጠፋ። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ልገዛ ተነሣሁ።

በዚያው ቀን አንዲት የማታ ተማሪዬ እንቁላል ሊገዙ መጡ። ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው። ጆንያውን አዩና በጣታቸው እየተከተሉ፣ «የ... ቄ... ብ... የቄብ መኖ» ብለው አነበቡ።

«መምህር፣ የርስዎ ዶሮዎች እኮ ቄብ አይደሉም» አሉኝ።

አፈርኩ። ጽሑፉ ፊቴ ነበረ፤ መምህር ሆኜ አላነበብኩትም።

እማማ ልክ ነበሩ። ቄብ ገና እንቁላል ያልጀመረች ዶሮ ናት። የቄብ መኖ 1 በመቶ አካባቢ ካልሲየም አለው። የጣይ መኖ ግን ከ3 ተኩል እስከ 4 በመቶ አለው። ገልብጣችሁ የጣይን መኖ ለጫጩት ብትሰጡም ጉዳት ነው። ኩላሊቷን ያበላሸዋል።

ስለዚህ ስትገዙ ጆንያው ላይ ሦስት ቃላት ፈልጉ፦ ጫጩት፣ ቄብ፣ ጣይ። የሥጋ ዶሮ የሚልም አለ፤ እሱም ለጣይ አይሆንም። ጆንያውን አስከፍታችሁ አሽትቱት። ሻጋታ ከሸተተ አትግዙ፤ መርዝ ሊኖረው ይችላል።

አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። 50 ኪሎ ለ10 ዶሮ ከ40 ቀን በላይ ይቆያል ማለት ነው። የኔ ጆንያ ገና ብዙ ቀርቶት ነበር። ቄቦች ላሏት ጎረቤቴ ሰጠኋትና የጣይ መኖ ገዛሁ። ቅርፊቱም ጠነከረ።

ደህና ሰንብቱ።