መኪና ጉልበት ሲያጣ፦ ዕቃውን ሳይሆን ምልክቱን ንገሩ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ መኪና ነው። «እኛ መኪና የለን፤ ምን አገባን?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን በሰፈራችን በሽተኛ ሐኪም ቤት የሚደርሰው፣ ለቅሶ የሚኬደው፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሄዱት በማን መኪና እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያለው የሌለውን እየጫነ ነው የኖርነው። ስለዚህ የአንዱ መኪና ብልሽት የሁላችንም ጉዳይ ነው።

በቅድሚያ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌዋ መኪናዬ አንድ ዐመል አወጣች። ስትነሳ ደኅና ናት፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ ግን ቤንዚን ብረግጥም አልጎትት ትላለች። ጥግ አስይዤ ጥቂት ሳሳርፋት ምንም እንዳልሆነች ትሄዳለች። ጋራዥ ወሰድኳትና «ጉልበት የላትም፤ ካንዴላው ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ካንዴላው ተለወጠ፤ አልዳነችም። ቦቢናው ተለወጠ፤ አልዳነችም። በመጨረሻ የቤንዚን ፓምፑ ተለወጠ፤ ለልጆች ትምህርት ቤት ያስቀመጥኩት ገንዘብም አብሮ አለቀ።

አንድ ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤታችንን ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ሳደርስ፣ ዳገቱ መኻል ላይ ያው ዐመሏ ተነሳ። እናትየዋ ከኋላ «ኧረ በማርያም ፍጠን!» ይሉኛል፤ መኪናዋ ደግሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረግኩ። እግዚአብሔር ይመስገንና በዚያ ያለፈ ታክሲ ወስዶ አደረሳቸው። ያ ሕፃን ዛሬ ከልጆቻችን ጋር ኳስ ይጫወታል። እኔ ግን ያችን ሌሊት አልረሳትም።

ምክንያቱ የተገኘው ማደያ ውስጥ ነው። ቀጂው ልጅ የታንኩን ክዳን ሲከፍት «ፉሽ» የሚል ድምፅ ሰማና «ጋሼ፣ ይኼ ክዳን የራሷ ነው እንዴ?» አለኝ። አልነበረም። የራሷ ጠፍቶ ሌላ ገዝቼ ነበር፤ እሱም አየር ማስገቢያ ቀዳዳ የለውም። ቤንዚን ከታንኩ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተር መሄድ ያቅተዋል። መኪናዋ ስትቆም አየሩ ቀስ እያለ ሾልኮ ይገባና ይሻላታል። ሦስት ዕቃ የለወጥኩት በአንድ ክዳን ምክንያት ነበር!

ታዲያ ጥፋቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። እኔ የነገርኩት የዕቃ ስም እንጂ ምልክት አልነበረም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ይህን መርፌ ውጋኝ» እንደሚል በሽተኛ ሆኜ ነበር። «ሃያ ደቂቃ ከሄደች በኋላ ትደክማለች፤ ስታርፍ ይሻላታል» ብዬ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ከነዳጁ መንገድ ይጀመር ነበር።

እንግዲህ ምልክት የምንላቸው የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ፣ ሞተሩ ደኅና ሆኖ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል።

2ኛ/ በሜዳ ላይ ማርሽ ሲወጣ መኪናው ቶሎ የሚቆም፣ አንዱ ቸርኬም ከሌሎቹ ይበልጥ የሚግል ከሆነ፣ ፍሬን ይዞ አልለቀቀም። ሙቀቱን እጅ ቀረብ አድርጎ መለየት ይቻላልና ቸርኬውን አትንኩ፤ ይፋጃል።

3ኛ/ በሜዳ ደኅና ሄዶ ዳገት ላይ ወይም ሲጫን ብቻ የሚደክም ከሆነ፣ በቅድሚያ የነዳጅና የአየር ፊልትሮ ይታይ። በአቧራ መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። ናፍጣ ከሆነ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ። ከጀሪካን የተቀዳ ነዳጅ ቆሻሻና ውኃ ይዞ ሊገባ ስለሚችል ይህንንም ሳትደብቁ ተናገሩ።

4ኛ/ የቤንዚን ሞተር እየተንቀጠቀጠ ጉልበት ካጣ፣ አንዱ ሲሊንደር እሳት ላያገኝ ይችላል። ካንዴላና ቦቢና የሚመረመሩት ያን ጊዜ ነው።

5ኛ/ ጭሱን እዩ። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ወፍራም ነጭ ጭስ ካለ፣ በተለይም የራዲያተሩ ውኃ ከጎደለ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያጠራጥራል።

6ኛ/ ሞተሩ ተነስቶ ከፍ ማለት ብቻ እምቢ ካለ፣ የጭስ መውጫው፣ ማለትም ማርሚታው ወይም ካታሊስቱ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል።

7ኛ/ በአዳዲሶቹ መኪናዎች የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ ጉልበት ከጠፋ፣ ኮምፒዩተሩ ሞተሩን ከባሰ ጉዳት ለማዳን ራሱ ቀንሶት ሊሆን ስለሚችል ኮዱ ይነበብ። ኮዱ ግን የት እንደሚፈለግ ነው የሚጠቁመው፤ «ይህን ዕቃ ለውጥ» ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳልና። አዲስ አበባ 2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች፣ መኪናችን ጤነኛ ሆኖ እንኳ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣ ነው። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ይብሳል። ትንሿ ድፍን ፊልትሮ ቶሎ የምትታወቀውም ለዚህ ነው።

መንገድ ላይ ጉልበት ቢጠፋስ? የአደጋ መብራት አብርታችሁ ቀኙን ይዛችሁ ውጡ፤ ማርሽ ቀንሱ፤ በምንም ዐይነት ለመቅደም አትሞክሩ። ሞተሩ ግሎ ከሆነ አጥፉት፤ ሳይበርድ የራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ከቆማችሁ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ፤ ስትሄዱ ግን ድንጋዩን አንሱ! ለሌላው መሰናክል ትቶ መሄድ ነውር ነው።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና ጠብቀን መያዝ ግድ ይለናል። ስለዚህ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ በየመኪናችን ውስጥ አንድ ደብተርና እርሳስ ይቀመጥ። ድካሙ መቼ እንደጀመረ፣ ዳገት ላይ ይሁን በሜዳ፣ ሲሞቅ ይሁን ሳይሞቅ፣ ጭሱ ምን እንደሚመስል ይጻፍበት። ጋራዥ ስንሄድ ያን እናንብብ፤ ዕቃ ከመለወጡ በፊትም «በምን አወቅኸው?» ብለን እንጠይቅ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።