«ከምኑ ልቆጥብ?»
ስለ ቤት ቁጠባና ስለ እጅ ሥራ

(በደሴና በኮምቦልቻ ለሚገኙ የሰበካ ጉባኤ ተወካዮች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችና የራስ አገዝ ቡድን እናቶች በተሰጠው ሥልጠና ማጠቃለያ ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬውን ንግግራችንን በወንጌል እንጀምራለን። ጌታችን በአምስት የገብስ እንጀራና በሁለት ዓሣ ያን ሁሉ ሕዝብ ከመገበ በኋላ ደቀ መዛሙርቱን አንድ ሥራ አዘዛቸው፤ የተረፈው ቁርስራሽ አንዳች ሳይባክን እንዲሰበሰብ (ዮሐ. 6፥12)። የተሰበሰበውም አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። እንጀራን ማበርከት የሚቻለው አምላክ ቁርስራሹን አልናቀም። ከዚህም በረከትና ቁጠባ የማይጣሉ፣ ይልቁንም አንዱ ሌላውን የሚጠብቅ መሆናቸውን እንማራለን።

ይህን ትምህርት መስጠት ስንጀምር ግን አንዲት እናት እጃቸውን አንሥተው የጠየቁን ጥያቄ እስከ ዛሬ ከልባችን አልወጣም። «ልጄ፣ ቆጥቡ ማለቱስ ደግ ነው፤ ከምኑ ልቆጥብ?» አሉን። በዕለቱ የሚበቃ መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ከስንፍና የመጣ አይደለም። በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ብዙ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ጥሎ ተሰድዷል፤ ሲመለስም ባዶ ቤት የጠበቀው ጥቂት አይደለም። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ዋጋ በየቤቱ ተሰምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመድረክ ላይ ቆሞ «ቆጥቡ» ማለት ቀላል ነው። ስለዚህ ከእናቶች ጋር ተቀምጠን የየዕለቱን ወጪ በደብተር መጻፍ ጀመርን። መጻፍ ያልቻሉትን ልጆቻቸው ጻፉላቸው። ዛሬ የምንነግራችሁ ከዚያ ደብተር የተማርነውን ነው።

የጥቂት በጥቂት ወጪ

በመጀመሪያ ያየነው፣ ድሀ የሚገዛው ዕቃ ከባለጸጋው ይልቅ የሚወደድበት መሆኑን ነው። ዘይቱን በመለኪያ፣ ቡናውን በስኒ፣ የዱቄት ሳሙናውን በትንሿ ላስቲክ የሚገዛ ሰው በእያንዳንዱ ግዢ ላይ ጥቂት ሳንቲም ይጨምራል። በቀን 10 ብር ብቻ በዚህ መንገድ ቢፈስስ በዓመት 3,650 ብር ይሆናል። ይህን ገንዘብ በአንድ ጊዜ ስጡ ብንባል እንደነግጣለን፤ በቀን በቀን ሲወጣ ግን ማን እንደወሰደውም አናውቅም።

መድኃኒቱ አንድ ሰው ብቻውን የሚያገኘው አይደለም። አምስት ጎረቤት ገንዘቡን አዋጥቶ አንድ ጀሪካን ዘይት ገዝቶ፣ በሁሉም ፊት ለክቶ ቢካፈል፣ የጅምላው ዋጋ የእያንዳንዱ ይሆናል። በሁሉም ፊት መለካቱን አጥብቀን የምንናገረው፣ ብዙ መልካም ኅብረት የፈረሰው በአንድ ስኒ ዘይት ሐሜት ስለሆነ ነው።

የእኛ ኩፖን

ኩፖን የሚለው ቃል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ፊት ካርድ ይዞ ተሰልፎ ስኳርና ሳሙና የተቀበለ ከመካከላችን አለ። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚያውቁት ኩፖን ግን ሌላ ነው፤ ከጋዜጣ ተቆርጦ ወይም በስልክ ተልኮ፣ ለሻጩ ሲሰጥ ከዕቃው ዋጋ ላይ የሚያስቀንስ ወረቀት ነው። አስተዋይ የሆነች የቤት እመቤት ይህን ወረቀት ሰብስባ ብዙ ገንዘብ ታድናለች። አስተዋይ ያልሆነችው ደግሞ ዋጋው ቀነሰ ብላ የማትፈልገውን ዕቃ ቤቷ ታስገባለች። የቀነሰው ዋጋ የሚጠቅመው ቀድሞውንም ልንገዛው ላሰብነው ዕቃ ብቻ ነው። ይህ ሕግ በሰኞ ገበያም ይሠራል።

እንዲህ ያለ ወረቀት በእኛ ሱቆች ባይለመድም፣ በእርሱ ፈንታ ሦስት ነገሮች አሉን። አንደኛው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባልነት ነው። ዕጣ ገዝቶ አባል የሆነ ሰው ዕቃ ሲመጣ ያገኛል፤ ማኅበሩ ሲያተርፍም ድርሻ አለው። ደብተሩን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ከነጋዴ የሚገዛ ግን ኩፖኑን እንደ ጣለ ነው። ሁለተኛው በየከተማው የተጀመረው የቅዳሜና እሑድ ገበያ ነው፤ ዝርዝር ጽፎ፣ ዋጋ ጠይቆ፣ አወዳድሮ ለሚገዛ ሰው ይጠቅማል። ሦስተኛውና ትልቁ ወቅትን ማወቅ ነው። የመኸሩ እህል ተወቅቶ ገበያ በሚሞላበት በጥርና በየካቲት የሚገዛ እህልና በነሐሴ የሚገዛ እህል ዋጋቸው አንድ አይደለም። ገበሬዎች ወገኖቻችን በልግ የሚያርሱበት የደቡብ ወሎ ደጋም የራሱ ወቅት አለው። ዮሴፍ በግብፅ ከሰባቱ የጥጋብ ዓመታት አምስተኛውን እጅ ያስቀመጠው፣ እህል ሲበዛ የሚያንስበትን ቀን ስላየ ነው (ዘፍ. 41)። አንድ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ መግዛት ለማይችል ቤተሰብም መንገዱ የጋራ ቁጠባ ነው። 20 አባላት ያሉት ቡድን እያንዳንዱ በሳምንት 20 ብር ቢያዋጣ፣ በ52 ሳምንት 20,800 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለአባላት በጥር ወር ለእህል መግዣ ማበደር ይቻላል።

ምድጃውና ማሰሮው

በደብተሩ ላይ ከምግብ ቀጥሎ የከበደው ማገዶና ከሰል ነው። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ምድጃውን መግዛት ላልቻለም ገንዘብ የማይጠይቅ ብልሃት አለ። ባቄላውንና ሽምብራውን ሌሊቱን ማሳደር፣ ድስቱን ከድኖ መቀቀል፣ ከሁሉም ይልቅ ሁለትና ሦስት ጎረቤት ተጠራርቶ ምጣዱ ሳይበርድ በተራ መጋገር። ብዙ እንጨት የሚበላው የመጀመሪያው ምጣድ ማሟሟቂያ መሆኑን እናቶቻችን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል።

በጦሳ ሥር በሚገኘው በደሴ ብርድ እንጀራ ቀን ይቆያል። ከሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ግን ሙቀቱ ቶሎ ያሻግተዋል። ስለዚህ በኮምቦልቻ የተረፈው እንጀራ ሳይውል ሳያድር ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ መሆን አለበት። ድርቆሽ ለመንገደኛ ስንቅ፣ ለጾም ቀን ፍርፍር፣ ለድንገተኛ እንግዳ መክበሪያ ነው። ቁርስራሹን ሰብስቡ የሚለው ትእዛዝ በእኛ ጓዳ ሲፈጸም ይህን ይመስላል።

መሶቡ ለምን አልተሸጠም?

ስለ እጅ ሥራ ስንናገር ከራሳችን ስሕተት መጀመር አለብን። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቶች መሶብ ሰፍተው ሸጠው እንዲጠቀሙ አበረታታን። ስንደዶውና አክርማው ተገዛ፤ አለላው በየቀለሙ ተነከረ፤ ወስፌው ሥራ ጀመረ። መሶቡም እጅግ አማረ። ገዢው ማን እንደሆነ ግን ማንኛችንም አስቀድመን አልጠየቅንም ነበር። ሳምንታት የፈጀው መሶብ ቤት ለቤት ተደርድሮ ከረመ። ጥቂቱ ሲሸጥም የሣሩንና የቀለሙን ዋጋ እንጂ የጣትን ድካም አልመለሰም። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የእናቶች አልነበረም። ሰው ምን ይገዛል ብለን ሳንጠይቅ ምን መሥራት ይቻላል ብለን ጀመርን።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ነገር እንመራለን። የመጀመሪያው፣ የእጅ ሥራ አስቀድሞ ለቤት ነው። ገንዘብ ወደ ቤት ከማስገባቱ በፊት ከቤት እንዳይወጣ ያደርጋል። ጥጡን ባዝታ፣ በቡና ሰዓት በእንዝርት ፈትላ፣ ለሸማኔ የእጁን ብቻ ከፍላ ጋቢ ያሠራች እናት፣ የደሴን ብርድ ከገበያ ጋቢ ባነሰ ወጪ ትከላከላለች። የተቀደደውን ልብስ መጣፍ፣ ያጠረውን ማስረዘም፣ ከአሮጌ ንጹሕ ጨርቅ ለልጃገረዶች ታጥቦ ደግሞ የሚያገለግል የንጽሕና መጠበቂያ መስፋት ሁሉ ከዚህ ይቆጠራል። በወር አበባዋ ምክንያት ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ የምታጣውን ስናስብ ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ለሽያጭ የሚሠራው ሥራ ከገዢው ይጀምር። እዚህ ላይ የሰበካ ጉባኤ ተወካዮቻችንን እንለምናለን። በየአጥቢያችን በየሳምንቱ ጧፍ ይነድዳል። ጧፍ የሚሠራው ከተፈተለ ጥጥና ከንጹሕ ሰም ነው፤ ፈትሉን እናቶቻችን ያውቁታል፣ ሰሙንም ንብ የሚያነቡ ገበሬዎቻችን ያወጡታል። አጥቢያው ለዓመት የሚበቃውን ጧፍ ከሰፈሩ እናቶች እገዛለሁ ብሎ አስቀድሞ ቢዋዋል፣ ያ ውል ከብዙ ቀን ሥልጠና ይበልጣል። ቅዱስ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ራሱን ረድቷል (ሐዋ. 18፥3)፤ ዶርቃም ለመበለቶች ልብስ ትሠራ ነበር (ሐዋ. 9፥39)። የእጅ ሥራ በቤተ ክርስቲያን ክብር እንጂ የችግረኛ ምልክት ሆኖ አያውቅም።

በብድር የሚደገስ ድግስ

ቀጥሎ የምንናገረውን በፍርሃት እንናገራለን፤ ዝም ብንል ግን ደብተሩን አልደበቅነውም አይባልም። አንድ ዓመት ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም የተጠራቀመው በአንድ ቀን ሲያልቅ ያየነው በሠርግ፣ በክርስትናና በተዝካር ነው። ተዝካር ቅዱስ ሥርዓት ነው፤ ፍሬ ነገሩም ጸሎት፣ ቅዳሴና ለነዳያን የሚሰጥ ምጽዋት ነው። በአራጣ ተበድሮ ጎረቤትን ማጥገብ ግን ለሞተው አይጠቅምም፤ የቀሩትንም ወላጅ አልባ ልጆች ዕዳ ያወርሳቸዋል። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው «እኔስ አልደግስም» ለማለት ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለዚህ ውሳኔው የዕድር ይሁን። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ዕድር ተቀምጦ አብሮ ሲያለቅስና አብሮ ሲቀብር የኖረ ነው። በዚያው ጉባኤ ላይ የድግሱ ልክ በጋራ ቢወሰን፣ ማንም በድህነቱ አያፍርም።

አስቀድመው ጠገቡ

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። «ከምኑ ልቆጥብ?» ለብዙዎቻችሁ መልሱ በደብተሩ ውስጥ ተገኝቷል፤ ከመለኪያው ዘይት፣ ከምጣዱ ማሟሟቂያ፣ ከነሐሴው እህል፣ ከብድሩ ድግስ። ለጠየቁን እናት ግን ደብተራቸውን ሁለት ወር አብረን ስናየው፣ የሚቀነስ ነገር አላገኘንበትም። ወጪያቸው ሽሮ፣ የቤት ኪራይና የአንድ ልጅ መድኃኒት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ ወንጌሉን እንደገና አነበብነው። ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ የታዘዘው ሕዝቡ ከጠገበ በኋላ ነው። ጌታችን የተራበውን ሕዝብ በመጀመሪያ አስቀመጠው፣ አበላው፤ ስለ መሰብሰብ የተናገረው ከዚያ በኋላ ነው። ሥርዓቱ ይህ ከሆነ፣ ምንም ለሌለው ቤተሰብ የመጀመሪያው ትምህርት ቁጠባ ሊሆን አይችልም። ለእርሱ የምናስተምረው ሳይሆን የምንሰጠው ነው ያለብን። እኛ የምንቆጥበውም ለዚህ ነው። በጾም ከምንተወው ምግብ የተረፈው ገንዘብ ለተራበው ካልደረሰ፣ ጾማችን የቤት ኢኮኖሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእናታችን ቡድን አባላት፣ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም፣ ከሳምንቱ መዋጮ ላይ ጥቂት እየለዩ ለመድኃኒቱ መስጠት ጀመሩ። ከወራት በኋላ እናታችን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ጧፍ ሲሠሩ አገኘናቸው። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያ መዋጯቸውን ከፍለው ነበር፤ አምስት ብር። የቡድኑ ጸሐፊም ከሌሎቹ መዋጮ ጋር በእኩል መስመር ጽፋዋለች።

ከዚህ ስትመለሱ ሦስት ነገር አደራ እንላችኋለን። ደብተር ግዙ፤ አንድ ወር ሳታቋርጡ ጻፉ። ከመግዛታችሁ በፊት ጎረቤታችሁን ጥሩ። በአጥቢያችሁ የሚቀንሰው ነገር የሌለውን ቤተሰብ አስቀድማችሁ ፈልጉ፤ ስለ ቁጠባ የምትነግሩት ከእናንተ መሶብ ከቀመሰ በኋላ ይሁን።

የአሥራ ሁለቱ መሶብ አምላክ ጓዳችሁን ይባርክ፤ አገራችንን በሰላም ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።