የማይበላሽ ዕቃ



ወጣቶቻችን ስለከፈቱት የዩቲዩብ ቻናል እንድናገር ታዝዣለሁ። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ቲማቲም በጅቡቲ ሙቀት ሁለት ቀን አይቆይም፤ ምስር ግን ዓመቱን ሙሉ ይሸጣል። የድግስ ፊልም ቲማቲም ነው፤ በሳምንቱ የሚያየው የለም። በየዓመቱ የሚፈለገው ሌላ ነው፦ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሊጡ ከልክ በላይ ሳይኮመጥጥ እንጀራ እንዴት ይጋገራል? 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው እንዴት ይነበባሉ? ባዕድ አገር ለተወለደ ልጅ 231ዱ ከአሥር ዓመት በኋላም ያው 231 ናቸው። ርዕሱም እናቶች በሚጠይቁበት ቃል ይጻፍ፤ «ክፍል አንድ» ብቻ ቢባል ማን ያገኘዋል?

ፊደሉ ይቆየናል። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በደረሰው የድሮው ባቡር ተሳፍረው እዚህ የመጡ ሽማግሌዎቻችን ግን እያነሱ ነው። ካሜራው መጀመሪያ ወደ እነርሱ ቤት ይሂድ፤ መኪናውን እኔ አቀርባለሁ።